ጸጸት ይሻላል ወይስ ቁጭት? ስራ መልቀቅ፣ በጎን መጀመር ወይም መቆየት

ጓደኛዬ ጥር መጨረሻ ላይ ቡና ጠርታኝ «ስራ ልለቅ ነው» አለችኝ። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በሂሳብ ሰራተኝነት ሰርታለች። ተቆራርጦ እጇ ላይ የሚደርሳት 24 ሺህ ብር ነው። ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ እናቷ ቤት፣ በአንዲት ትንሽ ኦቨን የልደት ኬክ ትሰራለች። ህልሟ የራሷ ኬክ ቤት ነው። ይህን ህልም ከስድስት ዓመት በፊትም ነግራኛለች። ያኔ «አንድ ቀን» ትል ነበር። አሁን ቀኑን ቆርጣለች፤ የካቲት 30።

«ለምን አሁን?» አልኳት።

«አርባ ሊሞላኝ ነው። ሳልሞክረው ባረጅ ይቆጨኛል።»

ይቆጨኛል። አማርኛ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ባደረግነው ነገር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ «ተጸጸትኩ» እንላለን። ባመለጠን፣ ሳናደርገው በቀረነው ሲሆን ደግሞ «ቆጨኝ»። ድንበሩ ጥብቅ አይደለም፣ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ለዚህ ጉዳይ ግን ልዩነቱ ይጠቅመናል። ስራ ልልቀቅ አልልቀቅ ብሎ የሚጨነቅ ሰው በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ህመም የሚጠብቀው ይመስለዋል። አንድ ዓይነት አይደለም።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የስነ ልቦና ተመራማሪ ቶማስ ጊሎቪች ከቪክቶሪያ ሜድቬክ ጋር ይህንኑ አጥንቶ ነበር። ሰዎች ስለ ቅርቡ ጊዜ ሲጠየቁ ይበልጥ የሚያማቸው ያደረጉት ነገር ነው። መላ ህይወታቸውን ወደ ኋላ ዞረው ሲያዩ ግን የሚበዛው ያላደረጉት ነው። በኛ ቃላት ሲመለስ፣ ጸጸት ቶሎ ይመጣል፣ እያደር ይበርዳል። ቁጭት ዘግይቶ ይመጣል፣ እያደር ይብሳል።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «እንግዲያው ዝለል!» ይላል። እኔ አልልም። ጸጸት የሚበርደው ኪሳራው ሲያልቅ ነው። እዳ ደግሞ በየወሩ እየመጣ ያሞቀዋል። ስለዚህ ሦስቱን መንገዶች ሳነጻጽር የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ቁጭቱን ያስወግድልኛል ወይ? ባይሳካስ፣ ከደረሰብኝ ነገር መመለስ እችላለሁ ወይ?

ለቆ መግባት

ጄፍ ቤዞስ አማዞንን ከመጀመሩ በፊት ራሱን የ80 ዓመት ሽማግሌ አድርጎ እንዳሰበ ደጋግሞ ተናግሯል። በዚያ ዕድሜዬ የሚቆጨኝ የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያም በ1994 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ የነበረውን ጥሩ ስራ ለቀቀ። ጥያቄው ግሩም ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ታሪኩ ሲነገር ግን አንድ ነገር ይዘለላል። በዓመቱ ወላጆቹ ወደ 245 ሺህ ዶላር አስገብተውለታል። ባይሳካለት ደግሞ ተመልሶ የሚቀጥረው አያጣም ነበር። ሰውየው የዘለለው ከታች ፍራሽ ተነጥፎ ነው።

ከኛ አገር ምሳሌ ሲፈለግም እንዲሁ ነው። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሰዓሊ ሆነው ተመለሱ። ሙላቱ አስታጥቄም ዌልስ የሄዱት ለምህንድስና ነው፤ ሙዚቃ ወሰዳቸው። ሁለቱንም ስናነሳ «ህልማቸውን ተከተሉ» እንላለን። እውነት ነው። ግን ትምህርቱን ቀየሩ እንጂ ትምህርት ቤቱን ጥለው ጎዳና አልወጡም። ያልተሳካላቸውን ሰዎች ስም ደግሞ ማንም አይነግረንም።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ወረቀት አውጥተን ቁጥሩን ጻፍን። ሂሳብ ሰራተኛ ሆና የራሷን ሂሳብ አልሰራችም ነበር። (አልፈርድባትም፤ እኔም አልሰራሁም ነበር። እሱን በኋላ።)

የምትፈልገው ቤት ኪራይ በወር 25 ሺህ ነው፣ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይላል። 150 ሺህ። ትልቁ ኦቨን 160 ሺህ። ማቡኪያ ማሽንና ፍሪጅ 110 ሺህ። ወንበር፣ ቀለም፣ ንግድ ፈቃድ፣ የመጀመሪያው ዱቄትና ክሬም 60 ሺህ። ድምሩ 480 ሺህ ብር። እጇ ላይ ያለው 190 ሺህ ቁጠባና በዚያው ሰሞን የወጣላት የ150 ሺህ ብር እቁብ ነው። 340 ሺህ። «የቀረውን እበደራለሁ» አለች።

እዚህ ላይ ቆም አልን። እቁቡ በወር 6 ሺህ ነው፣ 25 ሰው ነው፣ እሷ በአሥረኛው ዙር ነው የደረሳት። ገና 15 ዙር ትከፍላለች። 90 ሺህ ብር። ደመወዝ ከሌለ ከየት? ስለዚህ በእውነት የራሷ የሆነው 250 ሺህ ነው።

ከዚያ የወሩን ወጪ አየን። ኪራይ 25፣ ሁለት ሰራተኛ 12፣ መብራትና ልዩ ልዩ 4፤ 41 ሺህ። ከአንድ ኬክ ጥሬ ዕቃው ተቀንሶ የሚተርፋት 900 ብር ገደማ ነው። 41 ሺህን ለ900 ስናካፍል 46 ኬክ። ይህ እንግዲህ ቤቱን ለመክፈት ብቻ ነው። እናቷን ለመርዳት የምትሰጠውን 12 ሺህ ስንጨምርበት 59 ይሆናል። አሁን በወር የምትሸጠው በአማካይ ስድስት።

«ጥር ላይ እኮ 11 ሸጫለሁ!» አለች።

ጥር ነዋ! ሰርግ በሰርግ ነው። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል፤ 55 ቀን ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ሰርግ የለ። የጾም ኬክ ይሸጣል፣ አዎ፣ ግን ስንት? ጥር ላይ በተቆጠረ ኬክ የካቲት ላይ ስራ የለቀቀ ሰው መጋቢትን እንዴት እንደሚያልፍ ማሰብ ነው። የኬክ ብቻ አይደለም ነገሩ። የትምህርት ዕቃ የሚሸጥ መስከረምን አይቶ፣ በግ የሚያደልብ ፋሲካን አይቶ መወሰን የለበትም። ማንኛውንም ንግድ ቢያንስ አንድ ድርቅ ወቅቱን ሳታዩ አትመኑት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ዋጋም እንደዚሁ። ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚገባ ቸኮሌትና ክሬም የሚጠቀሙ ቤቶች ዋጋቸውን ከባዶ እንደገና ማስላት ነበረባቸው። ዓመታዊ ዕቅዳችሁ አንድ እንዲህ ዓይነት ሰኞ ሊያልፍበት እንደሚችል አስቡ።

ታዲያ ለቆ መግባት መቼ ይሻላል? ስራው ቀን ላይ ካልሆነ የማይሰራ ሲሆን። ደንበኛው አስቀድሞ ተይዞ እየጠበቀ ሲሆን። ቢያንስ የስድስት ወር የኑሮ ወጪ ከንግዱ ገንዘብ ተለይቶ ሲቀመጥ። በሙያችሁ ነገ ተመልሳችሁ መቀጠር ስትችሉ። ወይም ያለው ስራ ጤናችሁን እየበላው ሲሆን፤ ያኔ የሚለቀቀው ለህልም ሳይሆን ለመዳን ነው፣ ሂሳቡም ሌላ ነው። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር መልቀቅ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከለቀቃችሁም ተጣልታችሁ አትውጡ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሰራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ ይችላል። የስራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጡረታንም እዩ። በየወሩ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሰሪው 11 በመቶ ይገባል፤ የጡረታ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ጓደኛዬ ዘጠኝ ላይ ናት። ይህንንም አላሰበችውም ነበር።

በጎን መጀመር

አንዳንዱ ሰው ይህን መንገድ ይንቀዋል። «በሁለት ቢላ መብላት ነው፣ ቆራጥ ሰው አንዱን ይይዛል» ይላል። እኔም ድሮ እንዲህ አስብ ነበር። ጆሴፍ ራፊና ጂ ፌንግ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ንግድ የጀመሩ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ግን ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። ደመወዛቸውን ሳይለቁ ጀምረው በኋላ የገቡበት፣ በአንድ ጊዜ ለቅቀው ከገቡት ይልቅ የመክሰር ዕድላቸው በሲሶ ያህል ያነሰ ነበር። የናይኪው ፊል ናይት እንኳ ጫማ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ለዓመታት በሂሳብ ሙያውና በማስተማር ይኖር ነበር። ሙሉ ጊዜውን ለንግዱ የሰጠው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ድርጅቱ ከተመሰረተ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ምክንያቱ አይከብድም። ደመወዝ ያለው ሰው መጥፎ ደንበኛን «አይ» ማለት ይችላል። የተበላሸ ኬክ መጣል ይችላል። የኪራይ ቀን ደርሶበት በኪሳራ አይሸጥም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እንቁላሉ እስከዚያ ድረስ የሚሞቀው ቦታ አለው ማለትም ነው።

ጓደኛዬ አሁን ባላት ኦቨን፣ በማታና በቅዳሜ፣ ቢበዛ በሳምንት አራት ኬክ ትችላለች። በወር 16። ጣሪያዋ ይህ ነው። ስድስት ላይ ሆና ስለ 59 ማውራት የለባትም። መጀመሪያ 16 ይሙላ። ከሞላ በኋላ ሰው መመለስ ትጀምራለች፤ «ይቅርታ፣ የዚህ ሳምንት ሞልቷል» ትላለች። ያን የተመለሰ ሰው ትቁጠረው። ሦስት ወር በተከታታይ፣ ከሦስቱ አንዱ ጾም የገባበት ሆኖ፣ የሸጠችውና የመለሰችው ተደምሮ በወር 59 ከደረሰ፣ ያን ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤውን እኔ እጽፍላታለሁ። ለመልቀቅ ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም። ከዕድሜም፣ ከድፍረትም፣ ከጓደኛ ምክርም ይበልጣል።

ሌላም ነገር አለ። ዘጠኝ ዓመት ስላገለገለች በአዋጁ ስሌት 20 የስራ ቀን የዓመት ፈቃድ አላት። (ለመጀመሪያው ዓመት 16፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ እየተጨመረ።) በዚያ ፈቃድ ሌላ ሰው ኬክ ቤት ገብታ በነጻም ቢሆን ትስራ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ ማታ ሂሳብ ዘግታ። ኬክ መስራት መውደድና ኬክ ቤት ማስተዳደር መውደድ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ከደላላ፣ ከሰራተኛ፣ ከመብራት መጥፋትና ከግብር ጋር መዋል ነው። ይህን በ20 ቀን ማወቅ በ480 ሺህ ብር ከማወቅ ይረክሳል።

በጎን መጀመር ችግር የለውም ማለቴ አይደለም። ድካሙ የእውነት ነው። እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ቤተክርስቲያንም ዘመድም ይረሳል፣ ትዳር ያለው ደግሞ ቤቱን ያስኮርፋል። የስራ ውላችሁ ተመሳሳይ ንግድ እንዳትሰሩ ይከለክል እንደሆነ ማንበብ አለባችሁ። የአሰሪውን ሰዓትና ኮምፒውተር ለራስ ስራ መጠቀም አያዋጣም፤ ጓደኛዬ በምሳ ሰዓት ብቻ ነው ትዕዛዝ የምትቀበለው።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። በጎን የተጀመረ ነገር በጎን ያረጃል። «እየሞከርኩ ነው» የሚል ሰው ሳይሞክር አሥር ዓመት ሊያልፍበት ይችላል፤ ለራሱም ለሰውም መልስ አለዋ! ቁጭቱ አልጠፋም፣ ተሸፍኗል። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ቀንና ቁጥር ይጻፍ። በዚህ ቀን እዚህ ቁጥር ካልደረስኩ አቆማለሁ፣ ከደረስኩ እለቃለሁ። ሁለቱም ተጽፈው ለአንድ ሰው ይሰጡ። ያ ሰው የማይራራ ቢሆን ይመረጣል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ

ይህን ለይቼ ያነሳሁት በራሴ ስለደረሰ ነው። በ2008 ስራ ለቅቄ ከአንድ ሸሪክ ጋር የባነርና የቲሸርት ህትመት ቤት ከፈትኩ። 14 ወር ቆየን። ማሽኑ ተበላሸ፣ አከራዩ ኪራይ ጨመረ፣ ሸሪኬና እኔ መነጋገር አቆምን። ተዘጋ። ሱቁን ዘግቶ መሄድ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ፈቃዱን መመለስና የግብር ጉዳይ መጨረስ እንዳለ ያወቅኩትም ያኔ ነው።

ዛሬ ሳስበው ስለ ሱቁ አልጸጸትም። ሞክሬዋለሁ፣ አውቄዋለሁ፣ ወጥቶልኛል። ሌሊት የሚያስነሳኝ እህቴ ናት። አረብ አገር በሰው ቤት ሰርታ ካጠራቀመችው 80 ሺህ ብር ሰጥታኝ ነበር። ለመመለስ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ስመልስላት ደግሞ ያ 80 ሺህ የድሮው 80 ሺህ አልነበረም። እሷ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ያ ነው የከፋው።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። የራስ ቁጠባ ይቅደም። እቁብ ይከተል፤ ግን ከደረሳችሁ በኋላ የሚቀረውን ዙር ከደመወዝ መክፈል እስከቻላችሁ ድረስ ብቻ፣ ዋሳችሁም ሰው መሆኑን ሳትረሱ። ባንክ ወለድና መያዣ ይጠይቃል፣ ፊቱም አያምርም፣ ግን ባትከፍሉት በገና በዓል ከእናንተ ጋር ማዕድ አይቀርብም። የቤተሰብ ብድር በጣም ቀላሉና በጣም ውዱ ነው። መውሰድ ግድ ከሆነ ቢጠፋ ሰውየውን የማይጎዳ መጠን ይሁን፣ በወረቀትም ይጻፍ። ሸሪክም ካላችሁ መለያየታችሁን ገና ስትዋደዱ ጻፉት።

መቆየት

መቆየት እንደ ፍርሃት ይታያል። ሁልጊዜ ግን ፍርሃት አይደለም። ልጅ የሚያሳድግ፣ የታመመ ወላጅ ያለው ሰው ህልሙን ለአምስት ዓመት ቢያቆየው የመረጠው ነገር አለ። በኋላም የሚቆጨው ያነሰ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለምን እንደቆየ ያውቃል። የሚቆጨው ሳይወስን የቆየው ነው። አንዳንዱ ህልም ደግሞ ንግድ ሲሆን ይሞታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ክራር መጫወት የሚወድ ሰው ሁሉ ክራር ተጫዋች ሆኖ ደስ አይለውም።

በእውነት ግማሽ በግማሽ ከሆነባችሁስ? ስቲቨን ሌቪት የተባለው የቺካጎ ኢኮኖሚስት ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሳንቲም ወረወረላቸው፤ ከሃያ ሺህ ጊዜ በላይ። ልልቀቅ፣ ልለያይ የሚሉ ትልልቅ ጥያቄዎች ነበሩበት። ከስድስት ወር በኋላ ለውጥ ያደረጉት ካላደረጉት የተሻለ ደስተኛ ነን አሉ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ውሳኔያቸውን ለሳንቲም ለመስጠት የደረሱ ሰዎች ናቸው። ሚዛናችሁ እኩል ከሆነ ወደ ለውጡ አዘንብሉ። እንደ ጓደኛዬ 6 እና 59 ከሆነ ግን ሳንቲሙን ኪሳችሁ ክተቱት።

ውጭ ሄዶ ካፒታል ይዞ መመለስ የሚል አራተኛ ሃሳብም ብዙ ጊዜ ይነሳል። «ሁለት ዓመት ብቻ» ይባላል። ሁለቱ ዓመት ስምንት ሲሆን ብዙ አይቻለሁ፤ እዚህ ያለው ወጪ በሚላከው ልክ ያድጋላ። ህልሙ እዚያ አገር ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ህልሙ እዚህ ከሆነ ግን ይህ መንገድ ከለቆ መግባት በላይ የማይመለስ ነገር አለው፤ የልጆች ዕድሜ።

ጓደኛዬ የካቲት 30 አልለቀቀችም። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ ከዚያ ደወለች። ከእቁቡ ብር ላይ አንድ ያገለገለ ማቡኪያ ማሽን ገዛች፣ የቀረውን ለቀሪው ዙር ብላ ባንክ አስገባችው። ፍሪጇ ላይ ወረቀት ለጥፋለች። በአንድ በኩል «የሸጥኩት»፣ በሌላው «የመለስኩት» ይላል፤ ከስሩ ጥቅምት 30 የሚል ቀን ተጽፏል። ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ሄጄ አየሁት። የሸጥኩት በሚለው ስር አራት ሰረዝ፣ ሁሉም የጾም ኬክ። የመለስኩት በሚለው ስር አንድ። «ያቺን አንዷን ለምን መለስሻት?» ብላት፣ መብራት ጠፍቶ ነበር አለችኝ።